የወፏ ምላጭ

ለምወድህ ወንድሜ ለጋሼ የሺዋስ አለነ፣ ካለህበት ጁባ ይድረስ።

እንዴት ነህ? እንዴት ሰነበትክ? በደባርቅ ብርድ ያደገ ገላህ ያንን ሙቀት እንዴት ቻለው? የውሃው ቦቴስ እንደ ድሮው መንገድ ላይ እየቆመ ያሰቃይሃል ወይስ ልብ ገዛ? የመስከረምን ጤና ደግሞ ለብቻው ነው የምጠይቅህ። ሆዷ ገፍቷል አሉን። እግሯን ያብጣታል? እህል ይስማማታል? እናታችን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ ስትመለስ መጀመሪያ የምታነሣው የሚስትህን ነገር ነው፤ ካንተ አስቀድማ የእሷን ስም ስለምትጠራ ቅናት እንዳይዝህ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ቆመን እንሄዳለን፣ በልተን እናድራለን፤ ከማዕዱ የጎደልከው አንተ ብቻ ነህ።

ባለፈው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስለዘጋህብኝ አልተቀየምኩም። ትንሽ ብቻ ነው የተቀየምኩት። «ፓስፖርትሽ ከወጣ ስንት ወሩ! ለፋሲካ ትደርሳለች ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬ አሳፈርሽኝ፤ ደባርቅ ላይ ማን ይዞሽ ነው?» አልከኝ። መልሴን ልጀምር ስል «በቃ፣ ገባኝ» ብለህ ዘጋኸው። የገባህ ነገር የለም። አንተ ድሮም ግማሹን ሰምተህ ግማሹን ራስህ የምትጨርስ ሰው ነህ። ስለዚህ በወረቀት ልጽፍልህ ቆረጥኩ፤ ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የጎረቤታችን ልጅ ገዱ ነው፤ እሱም ለሥራ ወደዚያው መምጣቱ ነው። አደራህን፣ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው። የያዘኝ ወንድ አይደለም። የያዘኝ መርፌ ነው፤ ከመርፌውም በላይ የአባታችን እኅት እትዬ የሺወርቅ ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። እንደምታውቀው ተራራው ላይ፣ ጨነቅ ካምፕ፣ ለእንግዶች ምግብ የማበስለው ሥራ እንግዳ ሲጠፋ አብሮ ጠፋ፤ አንተም ነይ አልከኝ፤ ፓስፖርቴም ወጣ። ለመንገዱ ቢጫ ካርድ ያስፈልጋል ተባልኩ። እኔና እናታችን ይህን ስንሰማ ተያየን። ቢጫ ሲባል ለሁለታችንም የሚመጣልን የአባባ ዓይን ነዋ! የወፍ በሽታ ይዞት ዓይኑ እርድ መምሰሉን እናታችን እስከ ዛሬ አልረሳችውም። «ተመስገን፣ ለወፍም ክትባት ወጣለት ማለት ነው፤ ተወጊና ሂጂ» አለችኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ጤና ጣቢያ ሄድኩና ነርሷን ሲስተር ምስክርን «የወፍ በሽታ ክትባት ልወጋ ነው የመጣሁት፣ የቢጫውን» አልኳት። ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ቢጫ ካርድ ለቢጫ ወባ ነው፣ እሱ በትንኝ የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው አለችኝ። እናንተ ወፍ የምትሉት የጉበት በሽታ ነው፤ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ክፉው ሄፓታይተስ ቢ ይባላል። ለእሱም ክትባት አለው፣ ግን ሌላ መርፌ ነው፤ ድንበር ላይ የሚጠይቅሽ ስለሌለ ሰው ሁሉ ሳይወስደው ይሄዳል አለችኝ።

ቀጥላ «ከቤታችሁ በወፍ የታመመ ሰው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አባባ ከሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ቢጫ ሆኖ መመለሱን፣ ከዚያም ለዓመታት ሲሻለው ሲብስበት ኖሮ ሆዱ ተነፍቶ መሞቱን ነገርኳት። «ምን አደረጋችሁለት?» አለችኝ። ምን እንደተደረገለት አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። እትዬ የሺወርቅ ክንዱን በምላጭ በጥተው መድኃኒታቸውን ነሰነሱበት። ወፏ ከታመመው ተነሥታ በጤነኛው ላይ እንዳታርፍ ደግሞ በዚያው ቀን፣ በዚያችው ምላጭ የአምስት ዓመት ልጅ የነበርከውን አንተን በጡህ። እናታችን እኔን አርግዛ ስለነበር «ለነፍሰ ጡር ምላጭ አይቀርብም» ተብሎ ተተወች። ይህን እንደ ተረት እያወራሁላት ሳለ የሲስተር ምስክር ሳቅ ጠፋ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ወንድምሽ ተመርምሮ ያውቃል?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት።

ያለችኝን እንዳለ ልንገርህ። ይህ በሽታ አይበርም። የሌሊት ወፍ በራስ ላይ ስላለፈች አይመጣም፤ እናታችን ያን ሁሉ ዘመን በነጠላ ስትሸፍነን የኖረችው በከንቱ ነው። የሚተላለፈው በደም ነው፤ በምላጭ፣ በመርፌ፣ በንቅሳት። ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ይሄዳል፤ በመኝታም ይሄዳል። ምላጭ ላይ የደረቀ ደም ውስጥ እንኳ ሳምንት ያህል ይቆያል። ትልቅ ሰው ሲይዘው አብዛኛውን ጊዜ ይለቀዋል፤ ሕፃን ሲይዘው ግን ብዙ ጊዜ ጉበቱ ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሰውዬው ሠላሳ ዓመት ምንም ሳያመው፣ እንዳንተ ቦቴ እየነዳ፣ ሚስት አግብቶ ሊኖር ይችላል። አባባ የት እንደያዘው፣ ማን ከማን እንደወሰደ ግን ዛሬ ማንም ሊያውቅ አይችልም አለችኝ።

የእኔም የእናታችንም ደም ታይቶ ነጻ ሆነ። ክትባቱ ሦስት መርፌ ነው፤ አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ከወር በኋላ፣ የመጨረሻው ከመጀመሪያው ስድስት ወር ሲሞላ። ለዚያ ጎንደር ድረስ መሄድ ነበረብኝ። ሲስተር ሁለቱን ወስደሽ ሦስተኛውን እዚያ ፈልጊ ብላኝ ነበር። እኔ ግን በሰው አገር ማንን ጠይቄ፣ የትኛውን በር አንኳኩቼ? ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ብዬ ልጨርሰው ወሰንኩ። ይህን ያኔውኑ ያልነገርኩህ እናታችን ከልክላኝ ነው። «እትዬ ጆሮ ከደረሰ በቁማቸው ይሞታሉ፤ ዝም በይ» አለችኝ። እኔም አንድ ወር ሙሉ ዝም አልኩ፤ እንዴት እንደቻልኩ አትጠይቀኝ። ከዚያ ወዲያማ በስልክ ልነግርህ በጀመርኩ ቁጥር ወይ መስመሩ ይቋረጣል ወይ አንተ ትቸኩላለህ።

ታኅሣሥ ላይ ሁለተኛውን ተወግቼ ከጎንደር ስመለስ እትዬን ልጠይቅ ብዬ ዳባት ወረድኩ። ደጃፋቸው ላይ አንዲት ሴት ዓይኗ ቢጫ የሆነ ትንሽ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ከኮሶዬ ነው የመጣችው። እትዬ ምላጯን ከጨርቋ ፈትተው በውሃ እያለቀለቁ ነበር። ታውቃቸዋለህ፤ ከኮሶዬ እስከ ድብ ባሕር ወፍ ያረፈበት ሁሉ ወደ እሳቸው ነው የሚመጣው፤ «ለነፍሴ ነው» ብለው ከማንም ምንም ተቀብለው አያውቁም። በዚያች ቅጽበት የእናታችንን ማስጠንቀቂያ ረሳሁት። «እትዬ፣ ያቺን ልጅ እንዳይነኳት!» አልኩ። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ።

የኮሶዬዋ ሴት ተቆጣችኝ። እትዬ ግን አልተቆጡም። ምላጯን ጨርቋ ላይ አስቀምጠው «ምን ሰምተሽ ነው ልጄ? ነገሩን ከሥሩ ንገሪኝ» አሉኝ። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። «በውሃ አጥባት የለም ወይ?» አሉ። አይበቃም አልኳቸው። «በአመድስ ሳሻት?» አይበቃም። «በአረቄስ?» ሦስተኛውን አይበቃም ስል እንባዬ ቀደመኝ። እጃቸውን አገላብጠው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው «አይ ጉድ! እኔ ሰማይ ሰማዩን ሳይ፣ ለካ ወፏ ያረፈችው በእጄ ላይ ኖሯል» አሉ።

ጋሼ፣ እኔ ብሆን እክድ ነበር። ሐኪም ምን ያውቃል ብዬ ምላጬን ቋጥሬ እገባ ነበር። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ልጅቱንና እናቷን አስነሥተው ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ እኔ የጨነቅን ዳገት የለመድኩት ከኋላ ከኋላ እየሮጥኩ አልደረስኩባቸውም። ልጅቱ የያዛት በምግብና በውሃ የሚመጣው፣ ቀለል ያለውና በራሱ የሚለቀው ዓይነት ሆኖ ተገኘ። እትዬ ይህን ሲሰሙ «እንኳን በዚያች ምላጭ አልነካኋት» ብለው አማተቡ። ምላጯን ይዘው መጥተው ኖሮ ከነጨርቋ ለአንዱ ነርስ ሰጡት፤ እሱም ስለት ከሚጣልባት ቢጫ ሣጥን ውስጥ ከተታት። ዞሮ ዞሮ ቢጫ ውስጥ ገባች ብዬ ልስቅ አልኩና ፊታቸውን ሳይ ተውኩት።

ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባታቸው መምሬ ገብረ ኪዳን ዘንድ ሄዱ። የሆነውን የነገሩን ራሳቸው ናቸው፤ መምሬማ የንስሐን ነገር አያወጡም። መምሬ ሳያውቁ ያደረጉት ነው ብለው አጽናንተው ስግደት ሰጧቸው። እትዬ ታዲያ ምን ቢሏቸው ጥሩ ነው? «አባቴ፣ ስግደቱስ ለእግዜር ነው፤ ለሰዎቹስ ምን ልስጥ?» መምሬም «ለሰዎቹማ እውነቱን ነዋ» አሏቸው።

እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሰንበቴ ላይ እንደተቀመጠ ተነሥተው ቆሙ። እኔና እናታችንም ከደባርቅ መጥተን ነበር። እናታችን ቀሚሳቸውን ይዛ ልታስቀምጣቸው ብትሞክር እጇን ቀስ ብለው አነሡት። «እኔ የሺወርቅ፣ ወፍ አባርራለሁ ስል ኖሬ ምላጬ ራሷ ወፍ ኖራለች። በእሷ የበጣኋችሁ ሁሉ፣ ልጆቻችሁም፣ ደማችሁን ታዩ ዘንድ እለምናችኋለሁ። የጎዳሁት ሰው ቢቻለው ይቅር ይበለኝ፤ ይቅር ባይለኝም ይመርመር» አሉ። ጠላ የያዘ እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ። የሀብተ ሚካኤል ሚስት በእሳቸው ታክማ በኋላ እንደ አባባ ሆዷ ተነፍቶ እንደሞተች ታውቃለህ። ሀብተ ሚካኤል ሲነሣ ሰው ሁሉ ፈራ፤ እኔማ በመካከላቸው ልቆም ተነሥቼ ነበር። ሰውየው ግን «የሚስቴን ሞት በእርስዎ ላይ አልጥልም፤ ልጆቼን ግን ብቻዬን ልወስዳቸው ፈራሁ፤ አብረውኝ ይሂዱ» አላቸው። በማግሥቱ ሁለቱን ልጆች በግራና በቀኝ ይዘው ሲሄዱ መንገዱ ላይ ቆሜ አየኋቸው። በሕይወቴ ጀግና አይተሻል ወይ ብትለኝ፣ ያን ዕለት አይቻለሁ።

መጻፍ ስለማያውቁ የበጧቸውን ሰዎች በቀዬ በቀዬው እያስታወሱ ነገሩኝና እኔ ጻፍኩ። በሕይወት ያሉት ሃያ ስድስት ሰዎች ናቸው። መንገዱ ሲዘጋ እየጠበቁ፣ ሲከፈት እየሄዱ፣ እንቢ ያለውን ሦስት ጊዜ እየተመላለሱ ሃያ አምስቱን አስመርምረዋል። ሦስቱ ላይ በሽታው ተገኝቶ ጎንደር ክትትል ጀምረዋል፤ ነጻ ሆነው ያልተከተቡት እንዲከተቡ እየጨቀጨቁ ነው። የራሳቸው ደም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይላል፤ እሳቸው ግን ያን ቀን ነው እንደ ሕፃን ያለቀሱት።

አሁን ደግሞ አዲስ ሥራ ይዘዋል። በገበያ ቀን ደባርቅ መናኸሪያ መጥተው ሻንጣ ያነገተ ወጣት ሲያዩ «ወዴት ነህ ልጄ?» ይላሉ። ወደ ሰው አገር ነኝ ካለ አለቀለት። ደምህን አይተሃል? መርፌህን ጨርሰሃል? የራስህን ምላጭ ይዘሃል? ሲሉት አውቶቡሱ ሊያመልጠው ይደርሳል። ሾፌሮቹ «ኬላዋ» ብለው ስም አውጥተውላቸዋል። ባለፈው አንድ ፈረንጅ ወደ ተራራው ሊሄድ ሲል በአስጎብኚው አስተርጉመው ተከትቦ እንደሆነ ጠየቁት። ፈረንጁም ሳያፍር የክትባት ደብተሩን አውጥቶ አሳያቸው፤ የጉበቱም አለበት። «አያችሁ!» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «እሱ ወደ እኛ ሲመጣ እኛን ፈርቶ ተከትቧል፤ የእኛ ልጆች ግን በሶ ብቻ ቋጥረው ይሄዳሉ!» መናኸሪያው በሳቅ ፈረሰ። ገዱ ሁለት ጊዜ አምልጧቸው በሦስተኛው ተይዞ ነው የተከተበው፤ ሲደርስ ራሱ ይንገርህ።

ወደ አንተ ልመለስ። በላክልን ፎቶ ላይ ጢምህን ጥርት አድርገህ ተላጭተሃል፤ አምሮብሃል። ግን በማን ምላጭ ነው? ፀጉር አስተካካዩ ፊትህ አዲስ ካልፈታ አትቀመጥለት። መርፌ የምትወጋ ከሆነም ከነማሸጊያው ሲከፈት እይ። የማይነገረውንም ልናገር፤ እኅት ለወንድሟ ይህን መጻፏ ያሳፍራል፣ ዓይንህን ጨፍነህ አንብበው። ውጤታችሁ እስኪታወቅ ድረስ አንተና መስከረም በኮንዶም ተጠንቀቁ። ይልቅ አብሮ መብላት፣ መጎራረስ፣ መተቃቀፍ አያስተላልፍም፤ ሲስተር ምስክር ይህን ደጋግማ ጻፊለት ብላኛለች። በሽታው ቢገኝብህም የሞት ፍርድ አይደለም፤ ክትትል አለው፣ ለሚያስፈልገው ሰው መድኃኒት አለው። የሚገድለው አለማወቁ ነው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ! ቢራዋን ግን ቀነስ አድርጋት።

ከሁሉ የሚያስቸኩለኝ መስከረም ናት። ከመውለዷ በፊት ደሟ መታየት አለበት። በሽታው ቢኖርባት እንኳ ልጁ በተወለደ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ክትባት ካገኘ፣ የቀሩትንም በጊዜያቸው ከወሰደ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ስለዚህ የት እንደሚገኝ ዛሬ ጠይቁ፤ ምጥ መጥቶ አይጠየቅም። እንጥሉን እናስቆርጥ የሚል ዘመድ ቢመጣ ደግሞ የእትዬን ታሪክ ንገረውና በር አሳየው።

ሦስተኛውን መርፌ ግንቦት አሥር እወጋለሁ፤ በማግሥቱ ሻንጣዬን አነሣለሁ። እዚያ ስደርስ አራስ ጠያቂ እንጂ አስታማሚ አታድርገኝ።

እናታችን አመተ ማርያም አንገትህን አቅፋ ትስምሃለች፤ ለመስከረም የገብስ በሶና ቅቤ ልካለች፣ አንተ እንዳትበላባት። ሲስተር ምስክር ውጤትህን እየጠበቅሁ ነው ብላለች። መምሬ ገብረ ኪዳን እግዚአብሔር ይፍታህ ብለውሃል። ሀብተ ሚካኤልና ልጆቹ ሰላም ብለውሃል፤ ልጆቹ ነጻ ናቸው። ገና ስም ላልወጣለት ለቤታችሁ እንግዳ ከአክስቱ ብዙ መሳም አድርሱልኝ።

እትዬ የሺወርቅ አንድ እሽግ አዲስ ምላጭ ልከውልሃል፤ ገዱ ይሰጥሃል። አጠገቤ ተቀምጠው ጻፊ ያሉኝን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸው፦ «የሺዋስ ልጄ፣ ያን ቀን አላለቀስክም። ደምህን በጨርቅ ስጠርግልህ ‹እትዬ፣ ወፏ ሄደች?› ብለህ ጠየቅኸኝ። ሄደች አልኩህ። ሳላውቅ ነው ልጄ ያልኩህ። ሃያ ስድስተኛው አንተ ነህ። አሁን ያንኑ ክንድህን ለሐኪም ዘርጋልኝና፣ መሄድ አለመሄዷን አንተ ንገረኝ።»

ታናሽ እኅትህ ሕሊና አለነ
ደባርቅ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.